ሁለት ጣት

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ወድቃ ጉልበቷ ተላልጦ ክሊኒክ ወሰድኳት። ሲስተሯ ቁስሉ ላይ ፐርኦክሳይድ ስታፈስበት ነጭ አረፋ እየተንሿሿ ተነሳ። ልጅቷ አላለቀሰችም። ፊቴን ያዞርኩት እኔ ነኝ።

በጃንሆይ ጊዜ ወላይታ ሶዶ ዘጠነኛ ክፍል ስማር፣ በክፍሉ ውስጥ ሴቶች እኔና ከአረካ የመጣች ጓደኛዬ ብቻ ነበርን። አንድ ዴስክ ላይ እንቀመጥ ነበር። ኬሚስትሪ የሚያስተምረን ህንዳዊ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነበር። ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ያቃተው ወላጅ ይጠራበታል። ቦምቤ በምትባለው የትውልድ መንደሬ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የነበረው አባቴ፣ አንድ ጊዜ ከተጠራ ሽማግሌ ለላከው ሰው እንደሚድረኝ ነግሮኛል። የጓደኛዬም ወንድም እሷን ወደ ቤት የሚመልስበት ሰበብ ይፈልግ ነበር።

የዚያን ቀን ጠዋት «ከጠራኝ መልሱን በጣትሽ አሳዪኝ» ብዬ ለመንኳት። እሺ አለችኝ።

ጠራኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ክፍሉ የረጠበ ሹራብ ይሸታል። ፐርኦክሳይድ ወደ ውሃና ኦክስጅን ሲፈርስ የሚያሳየውን ኢኩዌሽን ጻፈና ባላንስ እንዳደርገው አዘዘኝ። ኦክስጅኑን ቆጠርኩ፤ በግራ ሁለት፣ በቀኝ ሦስት። በቀኝ ብቻውን ከቆመው ኦክስጅን ግርጌ ያለችውን ትንሽ ሁለት በመዳፌ ጠረግኳት፤ ቁጥሩ እኩል ሆነ። አስተማሪው በዚያው በለሆሳስ ድምፁ፣ ኦክስጅን ጥንድ ሆኖ እንጂ ነጠላውን እንደማይወጣ፣ ቁጥር መጨመር የምችለውም ከፊት ብቻ እንደሆነ ነገረኝና ሁለቷን መልሶ ጻፋት። ጠመኔው በላቤ ራሰ። ዞር አልኩ። ጓደኛዬ አገጯ ሥር ሁለት ጣት አቆመች። ከፐርኦክሳይዱ ፊት ሁለት ጻፍኩ። ደግማ አሳየችኝ፤ ከውሃው ፊትም ሁለት ጻፍኩ። ሃይድሮጅኑ አራት ለአራት፣ ኦክስጅኑም አራት ለአራት። ልክ ነበር።

አስተማሪው ግን ሰሌዳውን አላየም። የሚያየው እሷን ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ እንድታሳየኝ ጠይቄያት እንደሆነ ጠየቀኝ።

«አልጠየቅኋትም» አልኩ።

ጓደኛዬ አንገቷን ደፋች፤ አላጋለጠችኝም። ወላጅ እንድታመጣ ተባለ። ሰኞ ወንድሟ መጥቶ ከተከራየችበት ቤት ፍራሿን ጠቅልሎ ይዟት ሄደ። እኔ ዴስኩ ላይ ብቻዬን ቀረሁ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ተመልሳ እውነቱን የምትናገርብኝ እየመሰለኝ ደብተሬ ላይ አቀረቅር ነበር። እንዳትመለስ የጸለይኩባቸው ቀናት ነበሩ፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ተምሬ ሥራ ከያዝኩ በኋላ አረካ ገበያ ውስጥ አገኘኋት። ልጅ አዝላ ቅቤ ትሸጥ ነበር። ዘንቢሏን ገፋ አድርጋ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ለዓመታት ያሰብኩትን ልናገር አፌን ስከፍት እጄን ያዘችና በወላይትኛ፣ «ፈርተሽ ነበር፤ አይቼሻለሁ» አለችኝ።

እጄን ለቃ ቅቤዋን አስተካከለች።

«ከዚያ በኋላ ምን ተማራችሁ?» ስትል ጠየቀችኝ።

እሷ በሄደች ማግስት ከተማርነው ጀምሬ የማስታውሰውን ሁሉ ነገርኳት። ገዢ ሲመጣ ቅቤውን በቅጠል እየጠቀለለች፣ ሲሄድ «እሺ» እያለች፣ ገበያው እስኪበተን ሰማችኝ።