እናቴ ሐይቅ ናት

የጋለ ቆርቆሮ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ሲያርፍ የሚነሣው ሽታ ዛሬም በመጣብኝ ቁጥር፣ ሼክ ኑር ሰፈር ከነበረው ቤታችን ጀርባ ድንጋያማው ጉብታ ላይ ብቻዋን የተቀመጠች የስድስት ዓመት ልጅ እሆናለሁ።

እናቴ የታመመች እናቷን ልታስታምም ወደ አገሯ የሄደችው በበጋው ነበር። አገሯ ወሎ ውስጥ ሐይቅ የምትባል ከተማ ናት፤ እኔ ግን ሐርጌሳ የተወለድኩ ልጅ ይህን ከየት ልወቀው? አባቴን «እማ የት ናት?» ስለው፣ ግድግዳ ሲለስን ውሎ ክንዱ ላይ የደረቀውን ሲሚንቶ እየፋቀ «ሐይቅ ናት፤ አብሽሪ፣ ኢንሻአላህ ትመጣለች» ይለኝ ነበር።

«ሐይቅ ምንድን ነው?»

«ውኃ ነዋ! ዓይንሽ እስኪደክም የተኛ ውኃ።»

ለእኔ ውኃ ማለት በአህያ ጋሪ መጥቶ ጀሪካን ውስጥ የሚገለበጥ ነገር ስለነበር፣ እናቴ ያን ሁሉ ይዛ ምን እንደምትሠራ ግራ ይገባኝ ነበር።

ዝናቡ ሲገባ ጉብታው ላይ መውጣት ለመድኩ። መንገዱ አሥር ደቂቃ አይሞላም፤ ግን አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ ከታች ያለው የታጠበ የቆርቆሮ ጣሪያ ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ያብረቀርቅ ነበርና፣ ሐይቅ ማለት ይኸው ነው ብዬ ደመደምኩ። እናቴ እዚያ መሀል ናት ብዬ እጄን አውለበልብላት ነበር። የሚመልስልኝ ሲጠፋ ሆድ ይብሰኛል፣ በማግሥቱም እወጣለሁ።

ዝናቡ አልፎ አቧራ የሚያስነሣው ንፋስ ሲመጣ፣ አባቴ ከሥራ እስኪመለስ «አክስቴ» ለማለት ኤዶ ሳህራ የምላት ሶማሌዋ ጎረቤታችን ዘንድ እውል ስለነበር፣ አማርኛዬ ሳላውቀው እያለቀ ሄደ። የእናቴም መልክ አብሮ ሳሳብኝ።

በሁለተኛው በጋ አንድ ቀን ከሰዓት፣ አንዲት የከሳች ሴት እያለከለከች ጉብታውን ወጥታ ፊቴ ቆመች። ስሜን ጠርታ፣ ልጅ እንደሚያጫውት ሰው ፈገግ ብላ «እናትሽስ የት ናት?» አለችኝ።

ጣቴን ወደ ጣሪያዎቹ ቀስሬ፣ በሶማልኛ «ሐይቅ ናት» አልኳት።

ፈገግታዋ ጠፋ። ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለችና ቀስ ብላ «እኔ ነኝ እኮ እናትሽ» አለች። እኔ ግን ፈርቼ ወደ ኤዶ ሳህራ ቤት ሮጥኩ።

እናቴ አሁን ሐይቅ፣ ከተማዋ ተመልሳ ትኖራለች፤ እኔ እዚሁ ሐርጌሳ፣ ጋአን ሊባህ ሰፈር ሱቅ ከፍቼ ቀርቻለሁ። አምና ልጠይቃት ሄጄ ከቤቷ በላይ ያለችውን ኮረብታ አብረን ወጣን። አባቴ አልዋሸም፣ ሐይቁ ተራሮቹ ሥር ተኝቶ ዓይን ያደክማል። ያኔ እሷን ፍለጋ ቆርቆሮ ሳይ እውል ነበር፣ አሁን አጠገቤ ተቀምጣ ውኃውን አብረን አየን፤ ስለዚያ ቀን ግን ሁለታችንም አንድ ቃል አልተነፈስንም። እንዳልረሳችው አውቃለሁ። ዛሬም ስትደውልልኝ፣ ስሟ ስልኬ ላይ ተጽፎ እያየሁት፣ ገና ሃሎ ከማለቴ «እናትሽ ነኝ» ትላለች።