ሁለት ሰው በአንድ ባጅ

መጋዘኑ ውስጥ ሥራ የጀመርኩ ቀን የመጋዘን ኃላፊው አቶ ታምሩ መቀመጫ እንኳ ሳያሳዩኝ ‹‹ጫማሽን አውልቂና ውጪ›› አሉኝ። የምወጣው የማሽላ ጆንያ ክምር ላይ ነበር። ከጎሬ ከመጣሁ ገና ጥቂት ጊዜዬ ስለነበር የጋምቤላን ሙቀት አልለመድኩትም፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ቀሚሴን ሰብስቤ ወጣሁ። ጫኝና አውራጆቹ ከታች ሆነው ሳቁብኝ።

‹‹መሃሉ ሙሉ ነው?›› አሉ አቶ ታምሩ።

‹‹ሙሉ ይመስላል።››

‹‹ይመስላል አይባልም፤ ርገጪው።››

ስወርድ አስረዱኝ። ክምር የሚቆጠረው ከፊትና ከጎን ታይቶ፣ ቁመቱ ተባዝቶ ነው። ሌባ ይህን ስለሚያውቅ ዳር ዳሩን አሳምሮ ይደረድርና መሃሉን ባዶ ይተወዋል። ስለዚህ ታሊ የሆነ ሰው ክምሩ ላይ ወጥቶ መርገጥ አለበት። ሥራዬ ታሊ ነበር፤ በር ላይ ቆሜ ከመኪና የሚወርደውንና የሚጫነውን እቆጥራለሁ። ጡረታ እስክወጣ የኖርኩት በዚሁ ነው።

ያን ቀን ከሁሉ በላይ የሳቀው ቱት የሚባል ረጅም አውራጅ ነው። ማታ ስንወጣ ‹‹ማሌ፣ ማዘር›› ብሎ ሰላም አለኝና ‹‹አትቀየሚ፤ እኛም መጀመሪያ ቀን ተስቆብናል›› አለኝ። ገና ሠላሳ እንኳ አልሞላኝም ነበር፤ ማዘር መባሌ አናዶኝ ነበር። በኋላ ከአውራጆቹ በሌላ ስም የሚጠራኝ ጠፋ።

ድርጅቱ የግል ነው። እህል ከደጋው አገር ያመጣል፣ ያስቀምጣል፣ ወደ ኩሌና ወደ ሌሎቹ የስደተኛ ካምፖች ያደርሳል። ከላይ ሥራ አስኪያጁ፣ ከእሱ ሥር የመጋዘን ኃላፊው፣ ከዚያ ሱፐርቫይዘሮች፣ ከዚያ እኛ ታሊዎች፣ ከሁሉ በታች ጫኝና አውራጆች ነበሩ። ጫኝና አውራጅ ባጅ በአንገቱ አንጠልጥሎ ይገባል። ባጁ ላይ ስምና ፎቶ አለ፤ ፎቶው ግን በላብ ጠፍቶ ማንንም ስለማይመስል ዘበኛው የሚያየው ቀለሙን ብቻ ነበር።

ሠራተኛ ማኅበሩን የመሠረትነው አቶ ታምሩ ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው። ሊቀመንበራችን ደሳለኝ የሚባል ሾፌር ነበር። ሌባ አልነበረም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ደፋርና ተናጋሪ፣ ለሰው ሟች ነበር። አንድ ጉድለት ግን ነበረበት፤ ትልቅ ነገር መናገር ይወድ ነበር።

ቀጥሎ የእርዳታው መቀነስ መጣ። ካምፖች ውስጥ ያሉ ቢሮዎች አንድ በአንድ ተዘጉ፤ ዘበኛው፣ ጽዳቱ፣ አስተርጓሚው ሁሉ ወደ ቤቱ ተላከ። የቱት የአክስት ልጅ ጋትሉዋክ ኩሌ ላይ የአንድ ቢሮ ዘበኛ ነበር። ቢሮው ሲዘጋ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ከተማው ውስጥ ኒውላንድ ሰፈር፣ ቱት ግቢ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ቱትን በር ላይ ሳጣው ባጁን ያንጠለጠለው ጋትሉዋክ ሆኖ አገኘሁት።

ቱትን ጠየቅኩት። ‹‹ግማሽ ወር እኔ፣ ግማሽ ወር እሱ›› አለኝ።

‹‹ያንተው ለልጆችህ መች በቃና?››

‹‹አልበቃም። ግን ማዘር፣ እሱ ደጄ ተቀምጦ እኔ ብቻዬን ልብላ?››

የቱትን ያየ ሌላውም እንዲሁ አደረገ። ከኩሌ ወንድም መጣ፣ ከፑኝዶ አማች መጣ፤ አውራጁ ሁሉ ማለት ይቻላል ባጁን ለሁለት ተካፈለው። እርስ በርሳቸው ‹‹የባጅ ወንድሜ›› ይባባሉ ጀመር። አለቆቹ ያውቃሉ፤ የሚከፍሉት የአንድ ሰው ስለሆነ ግን ዝም አሉ። ለነሱ እንዲያውም የተሻለ ሆነ፤ በየግማሽ ወሩ ያላለቀ ጉልበት ይገባላቸዋል።

በዚያው ዓመት የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ኒውላንድ አንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተውሰን ተደረገ። ደሳለኝ ተነስቶ ‹‹አባሎቻችን በእጥፍ አድገዋል! ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!›› አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የባጅ ወንድሞቹ ሁሉ በአባልነት ገብተው ነበር፤ ከዚያ ጉባኤ በኋላ ማኅበሩ ለሥራ አስኪያጁም ይህንኑ ዕድገት በኩራት አሳወቀ።

እጄን አወጣሁ። እጄን ሳወጣ ሰው ፊቱን እንደሚያጠቁር አውቃለሁ፤ ይህ ጠባዬ ለምን እንደማይተወኝ ግን እኔም አላውቅም።

‹‹ደሳለኝ፣ የሰው ቁጥር ጨምሯል። የሥራ ቦታው ጨምሯል ወይ?››

‹‹ሥራ ቦታ አልቆጠርንም፣ እትዬ አስካለ። አባል ነው የቆጠርነው።››

‹‹ሁለቱ ሰዎች የቆሙት እኮ አንድ ቦታ ላይ ነው። የመጡትም ሌላው ቦታ ስለተዘጋ ነው። ይሄ ዕድገት ነው? ሥራ ብናቆም አንዱ ሲወጣ ሌላው ቢገባስ?››

‹‹እትዬ፣ አንቺ ጆንያ ስትቆጥሪ ኖረሽ ነው። ሰው ጆንያ አይደለም።››

ሳቁ። እውነቱን ለመናገር አባባሉ እኔንም አሳቀኝ፤ ደግሞም ልክ ነበር። ሰው ጆንያ አይደለም፤ ጆንያ የሚያበላው ቤተሰብ የለውም። ይህን ግን ያኔ አላልኩም፤ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው የመጣልኝ።

ክረምቱ ከበደ። የኩሌ መንገድ በጭቃ ተቆርጦ መኪና ስላልወጣ እህሉ መጋዘን ውስጥ ከልኩ በላይ ተከመረ። በአንድ በኩል ጣሪያው ያፈሳል። ከሥር ያሉት ጆንያዎች ርሰው ክምሩ ማዘንበሉን ለሱፐርቫይዘሩ ነግረነው ‹‹መንገዱ ሲከፈት እናነሳዋለን›› አለ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ክምሩ ተደረመሰ። ከሥሩ ጋትሉዋክ ነበር።

ጆንያውን በእጃችን አነሳን። ሲወጣ አልጮኸም፤ ጥርሱን ነክሶ ጣሪያውን ያያል። ጭኑ ከመሃል ተሰብሯል። የጋምቤላ ሐኪሞች አስረው፣ ኦፕሬሽን ያስፈልገዋልና ወደ ጅማ ይሂድ ብለው ሪፈር ጻፉለት።

ደሳለኝና እኔ ሥራ አስኪያጁ ጋ ገባን። ሰውየው ሻይ አዘዘልን፤ በጣም ጨዋ ነበር።

‹‹የተጎዳው ማነው?›› አለ።

‹‹ጋትሉዋክ›› አለ ደሳለኝ።

‹‹በዚያ ስም ሠራተኛ የለኝም። ባጁ የቱት ነው። ቱት ደግሞ ደኅና ነው፤ ጠዋት ሰላም ብሎኝ ገብቷል።››

ሻዩን ሳልነካው ወጣሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰው ጠልቼ አላውቅም።

ማኅበሩ ሥራ ለማቆም ወሰነ። ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፤ ጋትሉዋክ በድርጅቱ ወጪ ጅማ ሄዶ ይታከም። በውሳኔው ስብሰባ ላይ ዳግመኛ ተነሳሁ። ‹‹ተራቸው ያልሆነ ሰዎች ተጠርተው ላለመግባታቸው በምን እርግጠኛ ሆናችሁ? ቤት ለቤት ዞረን እንጠይቃቸው። ቢያንስ ለነዚያ ቀኖች የሚበላ እናዋጣ›› አልኩ። አንዱ ሾፌር ‹‹የአለቃ ወሬ አታውሪ›› አለኝ። ደሳለኝ ግን አልተቆጣም። ‹‹በእጥፍ አድገናል፤ ይፈሩናል። ከግማሽ ቀን አያልፍም›› አለ። እሱ ቁጥሩን ለአለቆቹ ብሎ የተናገረው መስሎኝ ነበር። ለካ ራሱም አምኖታል።

በማግስቱ ጠዋት ከበሩ ውጭ ቆምን። እኔም ቆምኩ። ጥያቄዬ ባይሰማም ጋትሉዋክን ከሥር ያወጣሁት በነዚህ እጆቼ ነውና ውስጥ ልገባ አልችልም ነበር። ባለተራዎቹ አውራጆች ነበሩ፤ ከቱት በቀር አንድም አልጎደለም። ዘፈኑ፣ አጨበጨቡ።

በኋላ ሱፐርቫይዘሩ በባጃጅ መጣ፤ ከኋላው ሌላ ባጃጅ፣ ከዚያም ሌላ። ከኒውላንድ ነው የመጡት። ባጃጆቹ ውስጥ የተቀመጡት ተራቸው ያልሆነ የባጅ ወንድሞች ነበሩ። አንዱ ሲወርድ ከእኛ ጋር የቆመውን ወንድሙን አየና ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ወንድሙ ባጁን ከአንገቱ አውልቆ ሰጠው። በዓይኔ ያየሁት ነው፤ ባጁን ሰጠው።

መጨረሻ ላይ ቱት በእግሩ መጣ። ከጋትሉዋክ አደጋ በኋላ ባጁ ወደ እሱ ብቻ ተመልሶ ነበር። ከእኛ ጋር ሊቆም የመጣ መስሎኝ ቦታ ለቀቅኩለት። አጠገቤ ደርሶ ቆመ።

‹‹ማዘር፣ የቆማችሁት ለእሱ ነው። አውቃለሁ›› አለኝ።

‹‹አዎ፣ ለእሱ ነው።››

‹‹መድኃኒቱ ዛሬ ያልቃል። ሌሊቱን ሁሉ ያለቅሳል። ዛሬ ካልሠራሁ በምን ልግዛ?››

ከመንገዱ ዞር አልኩለት። ገባ። የቆምንለት የጋትሉዋክ የባጅ ወንድም ራሱ ሲገባ ሌላውን ማን ይይዘዋል? ዘፈኑ በዚያው ቆመ። እኩለ ቀን ሳይደርስ መኪኖቹ ተራግፈው አለቁ።

ሥራ አስኪያጁ እስከ በሩ መጥቶ ደሳለኝን በስሙ ጠራው። ‹‹አባሎቻችን በእጥፍ አድገዋል ብላችሁ ነግራችሁኝ አልነበር? እውነታችሁን ነው። ግማሹ ውጭ ቆሟል፤ ግማሹ ውስጥ ይሠራል›› አለው። ደሳለኝ የመኪናውን ቁልፍ አስረከበና ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ሥራው አልመለሱትም።

ጋትሉዋክን ዘመዶቹና የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ተረዳድተው ጅማ አደረሱት፤ ዘግይቶ ነበር። አጥንቱ ተጣሞ ገጥሟል። ዛሬም ኒውላንድ ሳልፍ ቱት ግቢ በር ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ አየዋለሁ። ‹‹ማሌ›› ይለኛል፤ እኔም ‹‹ማሌ›› እላለሁ። ከዚያ ያለፈ ወሬ የለንም።

በዓመቱ መጨረሻ የከተማው ሠራተኛ ማኅበራት ስብሰባ ላይ የየማኅበሩ ሪፖርት ሲነበብ የእኛ በአባላት ዕድገት ተመሰገነ። ተጨበጨበ። ያን ዕለት እጄን አላወጣሁም፤ ደክሞኝ ነበር።

አሁን በዚያ በር ለምትገቡ ባልደረቦቼ የምላችሁ ይህን ነው። ማኅበራችሁ አድጓል ሲባል የመጡት ከየት እንደመጡና ለምን እንደመጡ ጠይቁ። ሥራ ከማቆማችሁ በፊት የሚተካችሁ ማን እንደሆነ እወቁ። የሚተካችሁ ወንድማችሁ ከሆነ፣ አስቀድሞ እሱ ቤት የሚበላ ነገር ይኑር። እኛ ይህን ሳናደርግ ወጣን፤ ዋጋውን የከፈለው ጋትሉዋክ ነው።