ታርጋው ላይ ያለችው ኤች

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ባለቤቴ ገመቹ ባጃጁን ከግቢ ሲያስወጣ በሩን ልዘጋለት ከኋላው ቆሜያለሁ... ዓይኔ ታርጋው ላይ አረፈ።

ከቁጥሩ ጫፍ ትንሽ ቀይ ልብ ተለጥፋለች። ልቧ ውስጥ ደግሞ አንዲት ፊደል... «H»።

እንግዲህ ስሜ ጥሩወርቅ ነው። እንደፈለጋችሁ ጻፉት፣ ኤች የሚባል ነገር በአጠገቡ አያልፍም።

እኔ የማውቃት ባለ ኤች አንዲት ናት... ሃዊ። ጉቴ ከተማ የምታስተምር፣ ጠዋት ጠዋት ገመቹ በኮንትራት የሚያደርሳት፣ ጥርሷ የሚያምር። ጥርሷ እንደሚያምር የነገረኝ የለም፣ ራሴ ነኝ ያየሁት።

ቅናተኛ ነኝ፣ አልዋሽም። እናቴ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ግን ደግሞ ኩራትም አለብኝ፤ «ማናት?» ብዬ ብሞት አልጠይቅም። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም ሄድኩ።

«ይሄ ታርጋው ላይ ያለው ነገር... ችግር የለውም?»

ዞሮ አየኝና ፈገግ አለ። ያቺ ፈገግታ አንጀቴን አሳረረችው።

«ኧረ ምንም የለውም። ስቲከር ቤት ያለውን ሰውዬ ጠይቄዋለሁ። ቁጥሩ እስካልተነካ ድረስ ሕጋዊ ነው። ሁሉም እያስለጠፈ ነው።»

ሕጋዊ ነው...

እሱ ቅጣት የፈራሁ መስሎት ሊያረጋጋኝ ነው። እኔ ግን የባሰብኝ እዚህ ጋ ነው። በኔ ዕውቀት ታርጋ የመንግሥት ነው፤ ታርጋ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ፋይል አለው። ይቺ ኤች ሕጋዊ ከሆነች ተመዝግባለች ማለት ነው። ከተመዘገበች ደግሞ ሊብሬው ላይ ስሟ አለ። እኔ ሰባት ዓመት በትዳር ኖሬ ስሜ ያልገባበትን ባጃጅ፣ ሃዊ በኮንትራት ተሳፍራ ወሰደችው።

ሳምንቱን ሙሉ ነገር በሆዴ ይዤ ከረምኩ። ወጥ ያርርብኛል። ሲያናግረኝ «እሺ» ብቻ ነው መልሴ። ጠዋት ሲወጣ በሩ ላይ ቆሜ ልቧን አያታለሁ... እሱ እኔን ያየኛል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ ፈገግ ይላል፣ ይሄዳል። ይሄ ሰው ትንሽ እንኳን አያፍርም እንዴ፣ እላለሁ በሆዴ።

አርብ ዕለት አላስቻለኝም። ነጠላዬን አጣፍቼ ትራንስፖርት ቢሮ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ጠና ያሉ ሴትዮ ተቀምጠዋል።

«አካም ቡልታን» ብዬ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አልኳቸው።

«ናጋ፣ ገለታ ዋቃ። ምን ፈልገሽ ነው ልጄ?»

«የባለቤቴ ባጃጅ ፋይል ላይ... ከሱ ሌላ የተመዘገበች ሴት እንዳለች ለማወቅ ነበር።»

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። ቁጥሩን ነገርኳቸው። ፋይሉን አውጥተው አገላበጡ።

«ገመቹ ብቻ ነው ያለው። ማንን ነው የምትፈልጊው?»

«ታርጋው ላይ ያለችውን» ብዬ በስልኬ ያነሳኋትን ፎቶ አሳየኋቸው።

«ይሄን ደግሞ ማን ለጠፈው? ታርጋ ላይ እንኳን ልብ፣ ነጥብ መጨመር ክልክል ነው።»

«ቁጥሩ ግን አልተነካም...» አልኩ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ልከሰው ሄጄ ጠበቃው ሆንኩ።

«ባይነካም። ሁሉም እንዳንቺ ነው የሚለኝ።» ፎቶውን ትንሽ አተኩረው አዩት። «ልጅ አላችሁ?»

«አንድ። ኦብሳ ይባላል።»

«ባልሽ ቤት ውስጥ ማን ብሎ ነው የሚጠራሽ?»

«ሃዳ...» አልኩና አፌ ላይ ቀረ።

ሃዳ ኦብሳ። የኦብሳ እናት። ልጃችን ከተወለደ ጀምሮ ገመቹ ጥሩወርቅ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። ሃዳ ኦብሳ ቁልፉን አየሽው... ሃዳ ኦብሳ ውሃ ስጪኝ... በቀን ሃያ ጊዜ የምሰማው ስም ነው። በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል ሲጻፍ በኤች ይጀምራል። ስሰማው እንጂ ተጽፎ አይቼው ስለማላውቅ ትዝም አላለኝ።

ሴትዮዋ ሳቃቸውን በሻርፓቸው ጫፍ ከለሉት። «በይ ዛሬውኑ አስነሺው። ትራፊክ ካየው ታርጋውን ይፈታዋል።»

ለምሳ ሲመጣ ነገርኩት።

«ያቺ ልብ ክልክል ናት አሉ።»

«ማን አለሽ?»

«ቢሮ... ሄጄ ጠይቄ።»

«አንቺ እዚያ ምን ልታደርጊ ሄድሽ?»

ፊቴን አየና ገባው። እጁን ሳይታጠብ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

«ደስ ይልሻል ብዬ እኮ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆመሽ ስታያት፣ ዛሬስ ምንድን ናት ትለኛለች ብዬ ስጠብቅሽ ነበር። ሃዊ እንኳን ሰኞ ዕለት ጠይቃኝ ነግሬያታለሁ። ሚስትህ ታድላ፣ አለችኝ።»

አፈርኩ። እንባዬም መጣ። ጨርቅና ትንሽ ቤንዚን ይዤ ወጣሁ። ባጃጁ ኋላ ቁጢጥ ብዬ መፋቅ ጀመርኩ። ልቧ ቶሎ ተነሳች፤ ኤቿ ግን ሙጭጭ አለች። በጥፍሬ ነው የጨረስኳት።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሜ ታርጋ ላይ ወጥቶ ነቀምትን ሲዞር ሰነበተ፣ እኔው በገዛ እጄ አጠፋሁት። እሱንስ ሕግ ነው ብዬ ቻልኩት... የሚያንገበግበኝ፣ ከኔ ቀድማ ያነበበችው ሃዊ መሆኗ ነው።