ለአባቴ መሳለሚያ የገጠምኩት አሞርዛተር

መጀመሪያ የመሰለኝ የፊት ጎማው ወልቆ የሄደ ነው። ግንደወይንን አልፈን፣ አስፋልቱ ቀጥ ባለበት ሜዳ ላይ እየበረርን ሳለ የሞተሬ መሪ በድንገት ግራና ቀኝ ይማታ ጀመር። መማታት ስል ትንሽ መንቀጥቀጥ አይደለም፤ እጀታው ከመዳፌ ሊመነጨቅ ደርሶ፣ ክንዶቼ እስከ ትከሻዬ ድረስ ተርገፈገፉ። ከኋላዬ ደግሞ አባቴ ተቀምጠዋል። ፍሬን መያዝ እንደሌለብኝ አውቃለሁ። ነዳጁን ቀስ ብዬ ቀነስኩ፣ ታንከሩን በጉልበቶቼ ጨመቅኩ፣ መሪው ራሱ እንደጀመረው ራሱ እስኪተው ጠበቅኩ። ተወ። ዳር ይዤ አቆምኩ።

«ደረስን እንዴ?» አሉኝ አባቴ።

«አልደረስንም አባባ» አልኳቸው።

እኔ ቢቸና ውስጥ የመኪና ጥገና አስተምራለሁ። ሞተሬ ታንከሩ ላይ ተደፍተው የሚነዱት የውድድር ዓይነት ነው፤ ከአዲስ አበባ ሳመጣው ከተማው ሁሉ ስቆብኛል፤ ይሳቅ። አባቴ ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ ያስተማሩ ካህን ናቸው። የዓይናቸው ግፊት ከፍ ብሎ ብርሃናቸው እየደከመ ነው። ሞጣ ያለው ሐኪም በየወሩ እየመጡ ካልታዩ የቀረችውም እንደምትጠፋ ሳይሸፋፍን ነግሮናል። ሚኒባስ ግን በጄ አላሉም። ሾፌሮቹ ዘፈን ከፍተው በየደብሩ ደጅ ሽው ብለው ስለሚያልፉ፣ «እንዲያ እያለፍኩ ዓይኔ ቢመለስ ምን ላይበት ነው?» ብለው እርፍ። በሞተር እንሂድ ስላቸው፣ ማን ያምናል፣ እሺ አሉ። ጥምጣማቸውን አጥፈው ጉያቸው ውስጥ ከተቱ፣ ሄልሜቱን አጠለቁ፣ ያቺ ጠባብ የኋላ መቀመጫ ላይ ወጡ።

ቤት ስገባ መሪው የሚዞርበትን ኩሽኔታ ፈትቼ አየሁት፤ ጤነኛ ነው። የጎማዎቹ ንፋስ ልክ ነው። ለማንኛውም ብዬ የፊቱን ጎማ ቀየርኩ። ብቻዬን ሞጣ ደርሼ ስመለስ ምንም የለም። በቀጠሯቸው ቀን አባቴን ጭኜ ስወጣ ግን ደብረ ወርቅ እንኳ ሳንደርስ ደገመው። ጀርባዬን ልብ ያልኩት ያኔ ነው። መሪው ከመማታቱ በፊት ሄልሜታቸው ጀርባዬን ገጭ አደረገኝ። በግራ በኩል የቤተ ክርስቲያን ዛፎች አሉ። አባቴ በዚያ ፍጥነት ወገቤን ለቀው፣ አማትበው፣ ጎንበስ ብለው እየተሳለሙ ነው! ዓይናቸው ቢደክምም በተማሪነታቸው በእግር የዞሩት መንገድ ነውና የትኛው ታቦት የት እንዳለ ያውቃሉ። ቀና ሲሉ ክብደታቸው ወደ ኋላ ይወረወራል፣ የፊቱ ጎማ ይቀላል፣ የቀረውን አንዲት ጉብታ ትጨርሰዋለች። በዚያ መንገድ ላይ ስንት ደብር እንዳለ የአገሩ ሰው ያውቀዋል።

ቀስ ብለህ አትነዳም የሚለኝ አይጠፋም። ሞከርኩት፤ በመካከለኛ ፍጥነት ስነዳ መማታቱ ጭራሽ ባሰበት። ከዚያ በታች ብጎተት ወይም በየደብሩ ደጅ ብቆም ደግሞ ሐኪሙ ዘግቶ ይሄዳል። ታዲያ ይተዉ ልበላቸው? እንደ እሳቸው ላለ አባት «አባባ፣ ቤተ ክርስቲያን አይሳለሙ» ብሎ የሚጀምር አፍ የለኝም። ብናገር ሞጣ መሄዱን እንደሚተዉት አልተጠራጠርኩም። ዓይናቸው በእኔ ምላስ ሊጠፋ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ምንም ሳልነግራቸው የመሪ አሞርዛተር ልገጥም ወሰንኩ።

የመሪ አሞርዛተር ማለት ዘይት የያዘ አጭር ዘንግ ነው። አንዱ ጫፍ ሻንሲው፣ ማለትም የሞተሩ አጽም ላይ፣ ሌላው ከመሪው ጋር በሚዞረው ክፍል ላይ ይታሰራል። መሪው በዝግታ ሲዞር ይለቀዋል፣ በድንገት ሲማታ ይይዘዋል። ከመሪው በላይ የሚቀመጥ ክብ ዓይነትም አለ፤ የሚያምረው እሱ ነው፤ ነገር ግን በእኔ ሞተር ላይ የሚያስቀምጠው ማሰሪያ አጣሁለት። ጥንካሬው የሚስተካከለውን ዘንግ መረጥኩ፤ ብቻዬን ስሆን ላላ፣ አባቴን ስጭን ጠበቅ ላደርገው። መጀመሪያ ያሰርኩበት ቦታ ልክ አልነበረም። መሪውን ወደ ቀኝ ሳዞረው ጥግ ሳይደርስ ዘንጉ አለቀና መሪው ድርቅ አለ። ኩርባ ላይ እንዲህ ቢደርቅብኝ ገደል መግባታችን ነው። ማሰሪያውን ትንሽ ወደ ኋላ ገፋሁት፣ ከጥግ እስከ ጥግ ደጋግሜ አዞርኩ፣ በሁለቱም በኩል ትርፍ መኖሩን አይቼ ቡሎኖቹን አጠበቅኩ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ አባቴ እንደልማዳቸው ተሳለሙ። ሄልሜታቸው ገጭ፣ መሪው ዝም። ሌላ ደብር፤ ገጭ፣ ዝም። ከደስታዬ ብዛት መዝፈን ነበር የቀረኝ።

ሞጣ ክሊኒኩ ደጅ ሳወርዳቸው ግን አልገባም አሉ። ሄልሜቱን ታቅፈው እንደቆሙ፣ «ልጄ፣ ምን አስቀየምኩህ?» አሉኝ።

«እኔን? ኧረ ምንም!»

«ታዲያ ዛሬ ለምን ተውከው?»

«ምኑን አባባ?»

«እኔ ስሳለም አንተም ከፊት ትሳለም አልነበር? ወገብህን መልሼ ስይዝ መላ ሰውነትህ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኝ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ከራቅክ ስንት ዘመንህ ነው፤ እሰይ፣ ተመለሰልኝ አልኩ። እዚህ ሞተር ላይ ደግሜ የወጣሁት ለምን ይመስልሃል? ዛሬ አንዴም ንቅንቅ አላልክ።»

ደነገጥኩ። መሪው ሲማታብኝ እንኳ እንዲያ አልደነገጥኩም። እኔ አለቀልን ስል አባቴ ከኋላዬ ደስ እያላቸው ነበር። አሞኛል፣ ረስቼው ነው ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ግን ቁጡ ነኝ፤ አፌ ቀደመኝ።

«አባባ፣ እኔ አንድም ቀን አልተሳለምኩም! መሪው ነው የሚንቀጠቀጠው። እርስዎ ጎንበስ ቀና ሲሉ ሞተሩ ተገልብጦ ሊጨርሰን ነበር!» እጃቸውን ይዤ አሞርዛተሩን አስዳሰስኳቸው። «ይኸው፣ ይህን የገጠምኩት እንደልብዎ እንዲሳለሙ ብዬ ነው።»

ጣቶቻቸው ዘንጉ ላይ ቆዩ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«አንተንም ሊገድልህ ነበር?» አሉ።

«ሁለታችንንም።»

ገቡ፣ ታዩ፣ ጠብታቸውን ተቀበሉ። ሐኪሙ ግፊቱ መለስ እንዳለ ነገረን፤ እሳቸው የሰሙትም አይመስለኝም።

ስንመለስ የመጀመሪያው ደብር ጋ ጀርባዬን አዘጋጅቼ ጠበቅኩ። ምንም የለም። ምናልባት ሐሳብ ይዟቸው ሄዶ ይሆናል አልኩ። የሚቀጥለው ደብር ጋ ግን ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ እስከ መንገዱ ይሰማል። ዛፎቹ መጡ፣ አጠገባችን ሆኑ፣ አለፉ። ወገቤን የያዙት እጆች ብቻ ጠበቁ፤ የጣቶቻቸው ጫፍ በጃኬቴ አልፎ ተሰማኝ። ዕድሜ ልካቸውን አንድ ደብር ሳይሳለሙ አልፈው የማያውቁ ሰው ናቸው።

«አባባ፣ ይሳለሙ እንጂ!» ብዬ በነፋሱ ውስጥ ጮህኩ። «አሁን እኮ አይነቃነቅም!»

«መንገድህን እይ» አሉኝ።