የማርሻን ታክሲ ልናይ ጃማይካ ሄድን

በስደት ከምንኖርበት ሰፈር ከሲዋርድ በረዶ እየጣለ ተነሳን፤ ኤርፖርት ያደረሰን ባሌ ገመቹ ነው። ማርሻ፣ ዌስት ሴንት ፖል ከተማ ባለው የአረጋውያን መጦሪያ አብራኝ የምትሠራ ጃማይካዊት ናት። ጠዋት ጠዋት በእኔ መኪና እንሄዳለን፤ እሷ ጋቢና፣ ቦርሳዋ የኋላውን ወንበር ይዞ። የመጦሪያው ወጥ ቤት የምትሠራው ሴት አውቶቡስ ስትጠብቅ አይቼ እንጫናት ስላት "ይረፍድብናል" ትለኛለች። በሰዓት ነገር ቀልድ አታውቅም።

የጉዟችን ምክንያት ታክሲ ነው። ማርሻ በኦቨርታይም ገንዘቧ አሮጌ ኮሮላ ገዝታ ለወንድሟ ለዴቮን ሰጥታለች። ዴቮን በየቀኑ ቁርጥ ያለ ገቢ ያስገባላታል፣ ቤንዚን ይሞላል፣ የተረፈው የሱ ነው። ልክ እንደ አዲስ አበባ። ሰሞኑን ግን ገቢው ይጎድል ጀመር። "እየበላኝ ከሆነ መኪናውን እሸጠዋለሁ" አለች። ከተሸጠ ዴቮን ሌላ እንጀራ የለውም። እኔን ያስከተለችኝ ገመቹ ድሮ ታክሲ ነድቶ ስለነበር ነው፤ ሙያው በጋብቻ የሚተላለፍ መስሏት።

ወደ ማንደቪል

ዴቮን ኤርፖርት ጠበቀን። ዝምተኛ፣ ቀጭን ሰው ነው። እህቱን አቅፎ ብዙ ቆየ፤ እሷ ግን በትከሻው ላይ አሻግራ መኪናዋን ታይ ነበር። ማንደቪል ከተማ አጠገብ ወዳለው መንደራቸው የሚወስደው መንገድ ጠመዝማዛ፣ አፈሩ ቀይ፣ ግራ ቀኙ ሙዝ ነው። በግራ በኩል ስለሚነዱ በየመታጠፊያው እግሬ ፍሬን ፍለጋ ወለሉን ይረግጥ ነበር።

ጠዋት

በኮኮናት ወተት የተሠራ የበቆሎ አጥሚት ጠጥተን አብረነው ወጣን። ታክሲው መስመር አለው፤ ከመንደሩ እስከ ማንደቪል ገበያ። ካልሞላ አይነሳም። ለሦስት በተሠራው የኋላ ወንበር አራት ይቀመጣል፤ እኔም ከአንዲት ዱባ ከታቀፈች ነጋዴ ጋር ተጣብቄ ነበር። ከተነሳ በኋላ በወረደ ሰው ቦታ ክላክስ እየነፋ ይለቅማል። ጥሩ ገንዘብ የሚገኘው በጠዋትና በማታ ግርግር ነው። አዋቂ ሙሉ ይከፍላል፣ ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ ግማሽ። ስለዚህ ብዙው ታክሲ ተማሪ አይቶ እንዳላየ ያልፋል።

ዴቮን ግን ቆመ። ሁለት ልጆች ገቡ። ትንሽ ሄዶ ደግሞ ለተማሪ ቆመ። ማርሻ አላስቻላትም።

"ገቢዬ የሚጎድለው በዚህ ነው?"

"አዎ።"

"ታዲያ ለምን አትነግረኝም?"

ዴቮን ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል መለሰላት። "አንቺ ተማሪ ሳለሽ እዚያ ድልድይ ጋ ቆመሽ ታለቅሺ ነበር። ታክሲዎቹ እያለፉሽ። ረፍዶብሽ የትምህርት ቤቱ በር ሲዘጋብሽ እጅሽን ይዤ ወደ ቤት የምመልስሽ እኔ ነበርኩ።"

 

ድልድዩ ጋ ስንደርስ አንዲት ትንሽ ተማሪ ቆማለች። መኪናው ጢም ብሏል። ማርሻ የጋቢናውን በር ከፈተችና ልጅቷን ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት። ማታ በየቀኑ የሚያስገባላትን ገንዘብ ቀነሰችለት፤ የመሸጥ ነገርም ከዚያ ወዲህ አልተነሳም።

ቤት

ገመቹ "ታዲያ ያዋጣል?" ብሎ ጠየቀኝ። ታክሲ የሚያተርፈው ሲሞላ ነው፣ በማን እንደሚሞላ መምረጥ ግን የሹፌሩ ፈንታ ነው አልኩት። እኔ ከዚያ ጉዞ ያመጣሁት ትምህርት ይሄው ነው።

ሰኞ ወደ ሥራ ስንሄድ በረዶው አሁንም አላቆመም። ያቺ የወጥ ቤት ሠራተኛ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ተኮራምታ ቆማለች። ማርሻ ሰዓቷን አየች፣ ሴትዮዋን አየች። ከዚያ "ቁሚላት" አለችኝና ዞር ብላ ቦርሳዋን ከኋላው ወንበር አንስታ ታቀፈችው።