ዱላውን ለምን እንደሚይዙት

የክበቡን ኃላፊነት የተረከብሁት ሌላ የሚፈልገው ስላልተገኘ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ክበቡን ይመሩ የነበሩት መምህር ተዛውረው ሲሄዱ ዲሬክተሩ ቢሮ አስጠሩኝና፣ ወጣት ስለሆንሁ ከተማሪዎቹ ጋር እንደምግባባ ነግረውኝ ቁልፉን ሰጡኝ። ክበቡ ተማሪዎችን ከሱስና ከጠብ ለመጠበቅ የተቋቋመ ነው። ያለው ንብረት አንድ ድምፅ ማጉያ፣ አንድ ጥቅል ፍሊፕ ቻርትና በቀይ ቀለም የተሳለ የታመመ ጉበት ሥዕል ነበር።

ሥራው የታወቀ ነው። ሰኞ ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ አንድ ተማሪ በድምፅ ማጉያ ጽሑፍ ያነባል። በዓመት ሁለት ጊዜ ድራማ ይታያል፤ በድራማው መጨረሻ ጫት የሚቅመው ልጅ ወይ ያብዳል ወይ ይሞታል። ተማሪው አጨብጭቦ ወደ ክፍሉ ይገባል። ሰኞ ሰኞ የሚያነበው የአሥረኛ ክፍል ልጅ ድምፁ እንደ ሬዲዮ ጋዜጠኛ የጠራ ነበር። እሱ ስለ ሰላም ሲያነብ ከሜዳው ጠርዝ የቆሙት ሳይቀሩ ወሬያቸውን ትተው ያዳምጡታል።

እኔ ግን ስለማስተምረው ነገር የማውቀው ጥቂት ነበር። ባደግሁበት ቤት የጫት ስም ሲነሳ እናቴ ታማትባለች፤ ቅጠሉን በቅርብ አይቼው እንኳ አላውቅም። ስለ ጠቡም የማውቀው ዓርብ ዓርብ የማየውን ብቻ ነው። ዓርብ ጠዋት ከገጠር የመጡ ወንዶች ተማሪዎች በር ላይ ዱላቸውን ለዘበኛው ያስረክባሉ፤ ከሰዓት በኋላ ተቀብለው በቀጥታ ወደየቤተሰባቸው ይሄዳሉ። በከተማው ቤት ተከራይተው ስለሚማሩ የሳምንቱን ስንቅ የሚያመጡት እሁድ ነው። ዱላው የዘበኛው ቤት ግድግዳ ላይ ተደግፎ ሲቆም የማገዶ ክምር ይመስላል። ለምን እንደሚይዙት መምህራኑን ስጠይቅ የገጠር ልጅ ልማዱ ነው ይሉኛል። ነገሩ አልተዋጠልኝም። ልማድ ከሆነ ሴቶቹ ተማሪዎች ለምን ከእነሱ ተለይተው አይሄዱም? ለምንስ የአንድ ሰዓት መንገድ የሚሄደውም የአራት ሰዓት መንገድ የሚሄደውም እኩል ይይዛል?

በዚያ ሰሞን አንድ ዓርብ ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ድብድብ ተነሥቶ የአንድ የከተማ ልጅ ግንባር ተፈነከተ። ዲሬክተሩ ዱላ የሚይዙትን ሁሉ ስም እየመዘገቡ ነው ተባለ። ሊያባርሯቸው እንደሆነ ሁሉም ገባው።

የጥያቄ ሳጥን ያሠራሁት ያኔ ነው። ስም ሳይጻፍ የፈለጉትን እንዲጠይቁ ነገርኋቸውና ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ሰቀልሁት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የመጣው ቀልድ ነበር፤ ባል እንዳለኝ የሚጠይቅ፣ የፈተናውን መልስ የሚለምን፣ ለአንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ የተጻፈ የፍቅር ደብዳቤም ነበረበት። በሦስተኛው ሳምንት ግን አንዲት ቁራጭ ወረቀት አገኘሁ።

«ጫት፡እንደማይጠቅም፡ነገራችሁን። የሚቅመው፡ለምን፡እንደሚቅም፡ግን፡የጠየቀ፡የለም።»

ደጋግሜ አነበብሁት። ዓረፍተ ነገሩም የቤተ ክህነት ሰው አነጋገር ይመስላል፤ ይበልጥ የገረመኝ ግን ጽሕፈቱ ነው። ፊደሎቹ በመቃ ብዕር እንደተጻፉ ሁሉ ወፍራምና ቀጥ ያሉ ናቸው፤ በየቃሉ መካከልም ሁለት ነጥብ አለ። ከተማሪዎቼ መካከል ሁለት ነጥብ የሚጠቀም ማን እንዳለ ለማወቅ ቤቴ ገብቼ የባዮሎጂ ፈተና ወረቀቶችን አገላበጥሁ። አንድ ብቻ ነበር። ከክፍል ጓደኞቹ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ሁልጊዜ የኋላው ወንበር ላይ የሚቀመጥና ብዙ ጊዜ የሚያንቀላፋ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ። ቤተሰቡ አምበር አካባቢ ገበሬዎች ናቸው። ዘመናዊ ትምህርት የጀመረው ዲማ ሄዶ የቆሎ ተማሪ ሆኖ ዓመታት ቅኔ ከቆጠረ በኋላ እንደሆነ ሰምቻለሁ።

በማግስቱ ወደ ቤተ ሙከራው አስጠራሁት። ኮፍያውን አውልቆ በሩ አጠገብ ቆመ። ወረቀቱን ሳሳየው አልካደም። እንደማልቀጣው ነግሬው፣ ጥያቄውን ራሴ ልጠይቀው እንደምፈልግ ነገርሁት። ለምን እንደሚቅም።

 መሬት መሬቱን እያየ፣ ከእሁድ እስከ ሐሙስ ሌሊት ሌሊት የእህል መጋዘን እንደሚጠብቅ ነገረኝ። የቤት ኪራዩን የሚችለው በዚያ ነው። ሲነጋ በቀጥታ ትምህርት ቤት ይመጣል። ቢተኛ መጋዘኑ ይሰረቃል፤ ክፍል ውስጥ ቢተኛ ከፈተናው ይወድቃል። አብሮት የሚጠብቀው ሰውዬ ቅጠሉን የሰጠው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ጣዕሙን እስካሁን እንደማይወደው ነገረኝ። ጉበት የሚባለው ነገር የት እንዳለ እንኳ ያወቀው ከእኔ ሥዕል ነው።

ለክበብ ኃላፊዎች በተሰጠን ሥልጠና ላይ ስለ መዝናናትና ስለ ጓደኛ ግፊት እንጂ ስለ እንቅልፍ አንድም ቃል አልሰማሁም ነበር። ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ብዙ ጠየቅሁት፤ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ ምን እንደሚበላ፣ እንደ እሱ የሚሠሩ ሌሎች ይኖሩ እንደሆነ። እየቆየ ሲሄድ ፈታ አለ። መጨረሻ ላይ ስለ ዱላው ጠየቅሁት።

«ቲቸር፣ ብነግርዎት አያምኑኝም» አለኝ። «እሁድ ከእኛ ጋር ይምጡና ይዩት።»

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በአምበር መንገድ በሚሄድ መኪና ተሳፍሬ እሱ ከነገረኝ ቦታ ወረድሁ። ሰዓቱ ስምንት ገደማ ነበር። ተማሪዎቹ በየአቅጣጫው ካለው ቀጭን መንገድ እየመጡ አስፋልቱ ዳር ይሰበሰባሉ። ድርቆሽ፣ በሶና ሽሮ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክመዋል። ካልተሟሉ አይነሡም፤ አንዲት ልጅ ዘግይታ ሁሉም ጠበቋት። ሲነሡም ሴቶቹን መሃል አድርገው፣ ዱላ የያዙት ከፊትና ከኋላ ሆነው ነው። እኔም ነጠላዬን እንደ ገጠር ሴት ተከናንቤ የአንዲቱን ልጅ ከረጢት ተሸከምሁላት። ወሬ ስንጨዋወት መንገዱ አልታወቀኝም፤ ከተማው ሲቃረብ ግን ወሬው እየቀነሰ ሄደ። የባሕር ዛፉ ጫካ ሲታይ ጭራሽ ቆመ።

ከዛፎቹ መካከል ልጆች ወጡ። የዩኒፎርማቸውን ሹራብ ገልብጠው የለበሱ፣ ፊታቸውን በሻሽ የሸፈኑ ነበሩ። አንደኛው ወደ ሴቶቹ ቀረበና የእኔን ከረጢት ገመድ ያዘ።

«አንቺ፣ አውርጂው» አለኝ።

ድምፁን ወዲያው ለየሁት። በዚያ ትምህርት ቤት እንደዚያ አጥርቶ የሚናገር ሌላ ሰው የለም። ነጠላዬን ከራሴ ላይ ገለጥሁና፣ «የነገውን ጽሑፍ አዘጋጅተሃል?» አልሁት።

እጁ ገመዱ ላይ እንዳለ ቀረ። የቀሩት ጓደኞቹ ሲያዩኝ ወደ ጫካው ሮጡ፤ እሱ ግን መሮጥ የረሳ ይመስል ነበር። ከፊትና ከኋላ የነበሩት ዱላ አንሥተው ሲመጡ ያ የዲማው ተማሪ ቀድሟቸው ደረሰ። ዱላውን አግድም ይዞ በልጁና በጓደኞቹ መካከል ቆመና ማንም እንዳይነካው ነገራቸው። እነሱም ቆሙ። የሰኞው አንባቢ ሻሹን ከፊቱ አውርዶ ብቻውን ወደ ከተማው ሄደ። ልጆቹ በሶው ሳይደፋ በመትረፉ ደስ ብሏቸው መሳቅ ጀመሩ። አብዛኛውን ጊዜ ግማሹ ጭቃ ላይ እንደሚቀር ያወቅሁት ያኔ ነው።

በዚያ ሰኞ የድምፅ ማጉያው ጽሑፍ አልተነበበም። አንባቢው ከደወሉ በፊት ራሱ ቤተ ሙከራው ድረስ መጣ። እኔም መቆጣት ሲገባኝ ከቁጣው ይልቅ ማወቅ ፈለግሁ። ቤታቸው ምግብ ሞልቷል፤ የሰው ድርቆሽ ምን ያደርግለታል?

ሳያቋርጥ ነገረኝ። የተወለደው ቁይ አካባቢ ነው። ሰባተኛ ክፍል ሲደርስ አክስቱ ዘንድ ሊማር መጣ። በመጀመሪያው ወር እዚያው ባሕር ዛፍ ሥር እናቱ የላከችለትን ስንቅ የከተማ ልጆች ቀምተው በተኑበት፤ አነጋገሩን እየደገሙ ሳቁበት። ከዚያ በኋላ ክረምቱን ሙሉ በአክስቱ ሬዲዮ ሥር እየተቀመጠ ዜና አንባቢውን ተከትሎ ያነበንብ ጀመር። የገጠሩ ዜማ ከአፉ እስኪጠፋ ድረስ። ሁላችንም የምናደንቀው ያ ድምፅ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው።

«ከእነሱ ጋር ስቆም ከየት እንደመጣሁ የሚጠይቀኝ የለም» አለኝ።

 ከሥልጠናው በመጣው መጽሐፍ ውስጥ ይህን የሚመስል ነገር አልነበረም።

ዲሬክተሩ ጉዳዩን ሲሰሙ ቀማኞቹንም ዱላ ያዦቹንም አንድ ላይ ሊያሰናብቱ ወሰኑ። ሁለት ቀን ሙሉ ቢሯቸው እየገባሁ ለመንኋቸው። ዱላው ከየት እንደመጣ እኔም በዓይኔ እስካየሁት ድረስ እንዳልገባኝ፣ ብናባርራቸው የሚመጣው ዓመት ልጆች በዚያው መንገድ እንደሚሄዱ ነገርኋቸው። እሳቸው ጠንካራ ሰው ቢሆኑም ያዳምጣሉ። መጨረሻ ላይ፣ «አንድ ልጅ ቢሞት ኃላፊነቱን ትወስጂያለሽ?» አሉኝ። ፈራሁ። ቢሆንም እሁድ እሁድ አብሬያቸው እንደምሄድ ነገርኋቸው። እሳቸውም የስም ዝርዝሩን መሳቢያ ውስጥ አስገቡት።

ወላጆች ተጠሩ። የገጠሮቹ አባቶች ጋቢያቸውን ለብሰው፣ የከተማዎቹ እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው አንድ ክፍል ውስጥ ተቀመጡ። አንዲት የከተማ እናት ልጇ የሰው ስንቅ እንደሚቀማ ስትሰማ ማመን አቅቷት በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። በሽማግሌዎች ፊት ልጆቹ ይቅርታ ጠየቁ፤ የከተማዎቹም ላጠፉት ስንቅ ምትክ ከየቤታቸው በሶና ዳቦ እንዲያመጡ ተፈረደ። ግንባሩ የተፈነከተው ልጅም በዚያው ቀን ከመታው ልጅ ጋር ታረቀ።

በሚቀጥለው ሰኞ አንባቢው ድምፅ ማጉያውን እንድሰጠው ጠየቀኝ። ጽሑፉን አላየሁትም ነበር። ሰንደቅ ዓላማው ከተሰቀለ በኋላ ቆሞ የራሱን ታሪክ አነበበ፤ ያነበበውም በቁይ አነጋገር ነው። መጀመሪያ ቀልድ መስሏቸው የሳቁ ነበሩ። እሱ ሳያቆም ቀጠለ፤ ስለ ተበተነው ድርቆሽ ሲደርስ የሚስቅ አልነበረም። እኔ የማየው የገጠሮቹን ሰልፍ ነበር። ያ የዲማው ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል፤ ሲያልቅ መጀመሪያ ያጨበጨበው እሱ ነው።

ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ከእኔ ጋር ሌሎች ሁለት መምህራን እሁድን ተከፋፈልን፤ ከፋሲካ በኋላ የክበቡ የከተማ ልጆችም አብረውን መሄድ ጀመሩ። ዓርብ ጠዋት የዘበኛው ግድግዳ ላይ የሚቆመው ዱላ እየቀነሰ ሄደ። ግንቦት ላይ በኳስ ጨዋታ ምክንያት እንደገና ተደባደቡ፤ ያን ጊዜ ግን የከተማና የገጠር ልጆች በአንድ ቡድን ተሰልፈው ከሌላ ክፍል ጋር ስለተጣሉ ዲሬክተሩ እንኳ ስቀው አለፉት። አንባቢውን ጓደኞቹ ለረጅም ጊዜ አኮረፉት። ብቻውን ሲሄድ አየው ነበር፤ ታሪኩን በማንበቡ ጸጽቶት እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም፤ አለመጠየቄ አሁን ይቆጨኛል።

ጫቱን በተመለከተ ድራማውን አስቀረሁት። በምትኩ ሌሊት የሚሠሩ ተማሪዎችን አንድ በአንድ አነጋገርሁ፤ ከጠበቅሁት በላይ ነበሩ። ለዲማው ተማሪ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከሰዓት በኋላ በክፍያ የሚሠራው ሥራ ዲሬክተሩ ፈቀዱለት፤ መጋዘን መጠበቁንም ተወ። ሌሎቹ ግን እንደዚያው ቀሩ። አንዱ ትምህርቱን ትቶ ሄደ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ለሌላ ሥራ ወደ ዲማ አካባቢ ስሄድ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ የሚጠራኝ ሰው አገኘሁ። ጢሙን ያሳደገ መምህር ነበር። ያ የዲማው ተማሪ መሆኑን ያወቅሁት ኮፍያውን ሲያወልቅ ነው። አማርኛ እንደሚያስተምር ነገረኝ፤ ልጆቹን ሊያሳየኝም ክፍሉ ድረስ ወሰደኝ። በመንገድ ላይ ጫቱን መቼ እንደተወ ጠየቅሁት። የቤተ መጻሕፍቱን ሥራ በጀመረ በዓመቱ ነው አለኝ።

«ታዲያ በምን ተውኸው?» አልሁት።

«እንቅልፍ አገኘሁ፣ ቲቸር» አለና በሩን ከፈተልኝ። ተማሪዎቹ ተነሥተው ቆሙ።