አሥራ ሁለተኛዋ ጉማሬ

ኑርሑሴን በጣና ላይ ሞተር ጀልባ መንዳት ከጀመረ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ጉማሬ ሳያይ የተመለሰ እንግዳ የለውም፤ ይህንንም ባሕር ዳር ወደብ ላይ ላገኘው ሁሉ ሲያወራ አይደክመውም። ጉማሬዎቹ ብቅ ካሉ እሰየው። ካላሉ ደግሞ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አጠገብ፣ ውሃው ዳር ከበቀለው ደንገል ፊት ለፊት፣ ግማሽ ጀርባዋ ከውሃ የወጣ አንዲት ጥቁር ድንጋይ አለች። ኑርሑሴን «እሜቴ» ይላታል። ከሩቅ እያሳየ «አሮጊት ናት፣ እንቅልፍ ትወዳለች» ሲል እንግዳው ፎቶውን አንስቶ ደስ ብሎት ይሄዳል። እስካሁን ቅር የተሰኘ የለም፤ ድንጋይዋም ምንም አላለች።

ዘንድሮ ግን ጣጣ መጣ። እንግዳ የሚያመላልስ ጀልበኛ ሁሉ ከአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ጋር ወጥቶ ካልተፈተነ ፈቃዱ አይታደስም ተባለ። ኑርሑሴን ከጀልባ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም። ቤት ቢውል ደግሞ ባለቤቱ ኡሙሰልማ ከሦስት ቀን በላይ እንደማትችለው ያውቃል።

ፈታኟ ፀደንያ የምትባል ወጣት ናት። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ መዝገቧን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጀልባው ውስጥ ተቀመጠች። ያን ቀን አንድም ጉማሬ ብቅ አላለም። የኑርሑሴን ጣት ግን ከልማድ የተነሣ ሳያስበው ተቀሰረ።

«እሜቴ ያቻትና» አለ። ወዲያው ጸጸተው።

የፀደንያ ፊት በራ። «ዓምና በቆጠራው አሥራ ሁለተኛ አድርጌ የመዘገብኋት እሷን ነው» አለች። «ደንገሉን መንጥሮ ሎጅ ሊሠራ የመጣው ባለሀብት የተከለከለው፣ የጉማሬ መኖሪያ ነው ተብሎ አይደል? እስኪ ጠጋ ያርጉልኝ፣ ልያት።»

ኑርሑሴን ክው አለ። ከተጠጋ ድንጋይዋ ድንጋይ ልትሆን ነው፤ ፈቃዱም ደንገሉም አብረው ሊሄዱ ነው። ያ ደንገል ደግሞ ዓሣው የሚራባበት፣ ወፉ የሚያድርበት ነው፤ ኑርሑሴን ከልቡ ይወደዋል። ሞተሩን አጠፋ።

«አይሆንም ልጄ» አለ ኮስተር ብሎ። «መመሪያው ሃምሳ ሜትር ነው የሚለው። እንስሳ አይረበሽም።»

ይህን የሚለው እንግዶች እስኪጮሁ ድረስ ጉማሬ አፍንጫ ሥር ሲጠጋ የኖረ ሰው ነው።

«ትንሽ ብቻ» አለች።

«ባለሥልጣን ቢያዘኝም ጠጋ ብዬ አላውቅም።»

ፀደንያ ብዙ ጻፈች። ወደቡ ላይ ሲደርሱ ወረቀቱን ፈርማ ሰጠችው፤ «ደንብ አክባሪ» ይላል። ኑርሑሴን ደስ ብሎት ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

እሷ ከጀልባው ስትወርድ ወደ ጆሮው ጎንበስ አለች።

«ጋሽ ኑርሑሴን፣ ክረምት ውሃው ሞልቶ ድንጋይዋን ሲውጣት ለእንግዳ ምን ይሉታል?»

ኑርሑሴን አቀርቅሮ የጀልባውን ገመድ ማሰር ጀመረ።

«እኔ መዝገቡ ላይ ‹ደንገሉ ውስጥ ገብታለች› ብዬ ነው የምጽፈው» አለች። «እርስዎም እንደዚያው ይበሉ፤ እንዳያጋልጡኝ።»